እማማን ይዞ የፈላ ሞተር

መኪና መንዳት የሚያስተምረውን ይህን ሰው ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ቀስበል» እያለ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ «ቀስ በል፣ ቀስ በይ» ሲል ስለኖረ ያኛው ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ። ሲበላም ሲቆጣም ቀስ ብሎ ነው። ሚስቱ ስትናደድበት «አንተን ለመጣላት እንኳ ቀጠሮ መያዝ ሊኖርብኝ ነው» ትለዋለች።

የሚቸኩለው እጁ ፒንሳ ሲጨብጥ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚበላሽ ነገር ባለሙያ እስኪጠራለት አይጠብቅም፣ እሱ ይደርስበታል። የጠገነው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ የገጠመው የመታጠቢያ ቤት ቁልፍ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ባለፈው እሁድ ደግሞ የከባድ መኪና ክላክስ ገዝቶ መጣ። ለማጆቹ፣ አውቶቡስ እየገፋቸው፣ ተማርረው ነበርና አንጀቱ አልቻለም።

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋ ውሰደው» አለችው ሚስቱ።

«ሁለት ሽቦ ነው፤ ምን ያቅታል?» አላት፤ ከሰዓት በኋላውን ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ዋለ። ማታ ክላክሱን ሲሞክረው የጎረቤት ሕፃናት በሙሉ ነቁ። እሱም ደስ ብሎት ተኛ።

እማማ፣ የሚስቱ እናት፣ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን የሁለት ሰው ነው። ደረጃ የሚወጣውን ሰው በኮቴው ይለዩና «የላይኛው ጎረቤት ነው፤ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል» ይላሉ። ተኳርፎም ይገኛል። ለወራት የጠበቁት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ የደረሰ ዕለት፣ በማግስቱ ሰኞ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ቢሆንም ወፍራም የሱፍ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። «ሐኪም ፊት በሹራብ አይቀረብም» አሉ።

የተሳፈሩት በማስተማሪያው መኪና ነው። እማማ ከኋላ፣ ሚስቱ ደግሞ በአስተማሪው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያ ወንበር በኩል ለአስተማሪው እግር ትርፍ ፍሬን አለ። ሰፊው መንገድ ላይ እስካሉ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። አንድ በመጠገን ላይ ያለ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ግን መኪናው ሁሉ በአንዲት ጠባብ መስመር ተጠቅጥቆ ቆሞ አገኙት። እዚያ ነው ቀስበል የሙቀት መለኪያው ላይ ዓይኑ የተተከለው። መርፌው ሽቅብ እየወጣ ነው።

ቆቡን አውልቆ መለኪያው ላይ ጣል አደረገው። ሚስቱ አነሣችው።

«ቀዩ ጋ ሊደርስ ነው እኮ!» አለች በሹክሹክታ፣ እግሯም ሳይታወቃት ፍሬኑን ረገጠ።

«ቆመን ሳለ ምን ታቆሚያለሽ? ደግሞ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ይሰማሉ።»

«ምኑ ነው ሊደርስ የሆነው?» አሉ እማማ ከኋላ።

«ቀጠሮው ነዋ፣ እማማ።»

ሞተር ሲሞቅ ምን እንደሚደረግ ለተማሪዎቹ ሲነግር ኖሯል። መስኮቶቹን ከፈተ፤ የመኪናውን ማሞቂያም እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ውስጡ በአንድ አፍታ እንደ ዳቦ ቤት ሆነ።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ምድጃ?»

«ለሞተሩ ብዬ ነው፣ እማማ። ማሞቂያው የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ይስበዋል፤ እሱ ፋታ ያገኛል።»

«እንግዲህ ከእኔና ከሞተሩ ሞተሩን መረጥክ ማለት ነው።»

«ካፖርቱን ቢያወልቁትስ?»

«በመንገድ ላይ?» አሉና ይባስ ብለው ቆለፉት።

ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ ሲል መርፌው ወረድ አለ፣ ቀስበልም ተነፈሰ። መልሰው ሲቆሙ መርፌው ተመልሶ ወጣ። ጥቂት እንደቆዩም ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ብቅ አለ። መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋውና ወረደ።

በዚህ ጊዜ መካሪ አይጠፋም። የገበያ ዘንቢል የያዘ ሰውዬ «ጋስኬቱ ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደ። ከአውቶቡስ የወረደ ሌላው «የለም፣ ቴርሞስታቱ ነው» አለ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ አንድ ሦስተኛ መጣና «እኔን ብትሰማኝ ሽጠው» አለው። ባለ ዘንቢሉ ግን ክርክር ሰልችቶት ነው መሰል፣ መሐረቡን እጁ ላይ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ኮፈኑን አነሣ።

ቀስበል ሮጠ። የሚያውቀው ሰው ቢያየው አያምንም ነበር፤ እውነት ነው፣ ሮጠ። «ቀስ በል! የፈላ ውሃ ፊትህን ሊገሸልጠው ነው!» ብሎ የሰውየውን ክንድ አፈፍ አደረገው። የድልድዩ ሠራተኞች ሳይቀሩ ዞረው አዩ።

«መምህር! እርስዎ ነዎት?»

ድምፁ የመጣው አጠገባቸው ሰልፍ ውስጥ ከተያዘች ትንሽ መኪና ነው። መሪውን የያዘችው አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ የድሮ ተማሪው ነበረች። እሱ ዘንድ ተምራ ደጋግማ ወድቃ፣ በመጨረሻ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዳ ነው ያለፈችው። ቀስበል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሷ ደግሞ ሰልፉ ስለማይንቀሳቀስ የምትሄድበት የላትም፤ ብትችልም የምትሄድ አትመስልም።

«መጀመሪያ ምን እናያለን፣ መምህር?» አለችው፣ የገዛ ድምፁን አስመስላ።

«ውሃ» አለ አቀርቅሮ። የውሃውን ዕቃ አየ፤ ሙሉ ነው። መኪናው ሥር ጎንበስ አለ፤ ጠብታ የለም።

«ሁለተኛስ? የሚሞቀው ሲሄድ ነው ሲቆም?»

«ሲቆም። ሲሄድማ ይበርዳል።»

«ታዲያ ሲሄድ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ሲቆም ግን ማራገቢያው ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? እሱን ጥያቄ እኮ አልተሳሳትኩም ነበር። የጣለኝ ወደ ኋላ ማቆሙ ነው።»

እማማ ላባቸውን እየጠረጉ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «ማራገቢያ የምትሉት ያ እንደ ወፍጮ የሚያጓራው ነገር ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሱማ ዛሬ ድምፁ የለም። ባለፈው ቅዳሜ በቆምን ቁጥር ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ ነበር። ያሠራኸው መስሎኝ ሐኪሙ ቤት ስንደርስ ላመሰግንህ አስቤ ነበር።»

ሚስቱ ቀስ ብላ ዞረች። «ቅዳሜ ነበረ፣ ዛሬ የለም። በመካከሉ ያለው እሁድ ነው። እሁድ ምን ስታደርግ ዋልክ?»

ቀስበል እጅጌውን ሰበሰበ። ሞተሩ ትንሽ እስኪበርድ ጠበቀና ወደ ማራገቢያው አጎነበሰ። ሶኬቱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ኤሌክትሪክ የሚያመጣለት ሽቦ ወደ አዲሱ ክላክስ ዞሮ በቀይ ክር ተተብትቧል።

«ይሄ ክር» አለች ሚስቱ በትከሻው ላይ እያየች፣ «ከስፌት ሳጥኔ የጠፋው አይደለም?»

«የሽቦ ፕላስተር አልቆብኝ ነው። ሶኬቱን ደግሞ በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ…»

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አሉ እማማ ከውስጥ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ባለ ዘንቢሉና ባለ ቴርሞስታቱ ተያይተው፣ ሁለቱም መጀመሪያውኑ ማራገቢያው ነው ያሉ ይመስል ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ቀስበል ክሩን ፈትቶ ሶኬቱን ወደ ቦታው መለሰ፤ ሞተሩን አስነሣ። ሁሉም ወደ ኮፈኑ አዘነበሉ። ከዚያ ማራገቢያው አጓራ፤ መርፌውም ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ፀጉር ሠሪዋ አጨበጨበች።

«አሁንስ አለፍኩ፣ መምህር?»

«አልፈሻል» አላት። መሳቅ አምሮት ነበር፣ ግን ሚስቱ አጠገቡ ናት።

ከድልድዩ በኋላ ሌላ ጣጣ ወጣ። አሮጌውን ክላክስ ነቅሎ ለሥራ ባልደረባው ሰጥቶታል፤ አዲሱ ሽቦው ተወስዶበት ዲዳ ሆኗል። አደባባዩ ላይ አንድ ጋሪ ገፊ መሐል መንገድ ቆሞ ከጓደኛው ጋር ወሬ ይዟል። ቀስበል ክላክሱን ቢጫነው ቢጫነው ምንም የለም። ይሄኔ እማማ በመስኮቱ ብቅ አሉና ያን የድሮ የሥራ ድምፃቸውን አወጡት።

«ጤና ይስጥልኝ! እባክዎ መስመሩን ይልቀቁልን፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው!»

ጋሪ ገፊው ደንግጦ ዳር ያዘ። ነገሩ እማማን ጣማቸው። እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ መንገድ ያላስለቀቁት እግረኛ፣ ይቅርታ ያልጠየቁት ብስክሌተኛ የለም።

ዘግይተው ቢደርሱም ተቀበሏቸው። ነርሷ የደም ግፊታቸውን ለክታ፣ ፊታቸው ቲማቲም መምሰሉን አይታ «ምን ሆነው ነው እንዲህ የሞቀዎት?» ስትል ጠየቀች።

«አማች አለኝ፣ ልጄ» አሉ እማማ። ካፖርታቸውንም ያን ጊዜ አወለቁ።

በማግስቱ መኪናው ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋ ሄደ። ሰውየው ሽቦውን ሲያይ ሳቀ፤ ለማራገቢያውም ለክላክሱም ለየብቻ መስመር ዘረጋላቸው። ፒንሳው ደግሞ ከሚስቱ ልብስ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ቀስበል የት እንዳለ ያውቃል፣ ግን አልጠየቀም።

እማማ የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ፋሻው የተነሣላቸው ዕለት የወሰዳቸው እሱ ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ትኩር ብለው አዩት።

«እንዲህ ሸብተሃል እንዴ? ልጄን ለትዳር ስትጠይቅ እኮ ፀጉርህ ጥቁር ነበር።»

«ያኔም ትንሽ ነበረኝ፣ እማማ፤ ቆብ አድርጌ መጥቼ ነው» አለና መኪናውን ቀስ ብሎ አስነሣ።