መስኮቱ ላይ የዋለው ቴሌቪዥን

ሰፈሩ ውስጥ የዚህ ሰውዬ እጅ ያልነካው ቴሌቪዥን የለም። ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና እያዞረ «አሁንስ መጣ?» ብሎ ሲጮህ ስለኖረ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ጠፍቷል፤ ትንሽ ትልቁ አንቴና ይለዋል። ጠጋኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሳሎን፣ የሰው መኝታ ቤት ገብቷል። ከቴሌቪዥን ጀርባ የተደበቀ ደብዳቤ፣ የተሸሸገ ፎቶ፣ ማንም እንዳያየው የተወሸቀ መድኃኒት አግኝቷል፤ ሁሉንም አቧራውን አራግፎ እንደነበረ መልሶታል። ሚስቱ «እስቲ ንገረኝ፣ እነእንትና ቤት ምን አየህ?» ብላ ስንቴ ወጥራ ይዛዋለች። መልሱ ያው ነው። «የቴሌቪዥኑን ጀርባ።»

የሰው ገመና ከእሱ እጅ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወጣ።

አንቴና ጠግኖ የጨረሰውን ቴሌቪዥን ወዲያው አያስረክብም። አንድ ሙሉ ቀን፣ የሱቁ መስኮት ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ በርቶ መዋል አለበት። እስኪመሽ ካልጠፋ ድኗል ማለት ነው። ድሮ ይሄ ለሰፈሩም ደስታ ነበር፤ ዜናውንም ኳሱንም አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ቴሌቪዥኑ የማንም ይሁን የማን፣ የሚያሳየው ለሁሉም አንድ ነበር። ይሄ መቀየሩን አንቴና ልብ አላለም።

ቲቸር ቴሌቪዥኗን በታክሲ ጭና ያመጣችው ራሷ ናት። የሰፈሩን ግማሽ፣ የአንቴናንም ሁለት ልጆች ፊደል ያስቆጠረች መምህር ናት፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። «ጋሽ አንቴና፣ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም» አለችው። «አደራዎን ቶሎ ያድርሱልኝ፤ የምከታተለው ትምህርት አለ።» የምን ትምህርት እንደሆነ አልጠየቃትም። መጠየቅ ልማዱ አይደለም።

የስክሪኑን የውስጥ መብራት ቀየረ። በኢንተርኔት የሚሠራ ስለሆነ ከጎረቤቱ ከፀጉር አስተካካዩ ዋይፋይ ጋር አገናኘው፤ ምስሉ ቁልጭ ብሎ መጣ። መስኮቱ ላይ አቁሞት፣ ሱቁን ቆልፎ፣ ሌላ ሰው ቤት ሊጠግን ሄደ።

ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያዘው ሥራውን ጀመረ። ጥግ ላይ የቲቸር ፎቶ፣ ከሥሩ «እንኳን ደህና መጡ»፣ ቀጥሎ «ለእርስዎ የተመረጡ»። የዓይናቸው ብርሃን እየጠፋ ለሚሄድ ሰዎች፣ ክፍል አሥራ ሁለት። በጣት ማንበብ ለጀማሪዎች። የነጭ ዱላ አያያዝ። ለአሠሪዎ እንዴት ይነግራሉ። ማን ምረጥልኝ አለው? አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ እየቀጠለ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት አሳየ። ከትምህርት ቤት የሚወጡት ልጆች አዩ፤ ሊወስዷቸው የመጡት እናቶች አዩ፤ በመጨረሻም ርዕሰ መምህሩ ቆሞ አየ።

አንቴና ሲመለስ ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ በር ላይ ጠበቀው። «የቲቸር ዓይን እየጠፋ ነው እንዴ? ለማንም ትንፍሽ አላለችም እኮ!»

አንቴና መስኮቱን አየና ደሙ ፈላ። ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወደተለጠፈው የኩባንያው ስልክ ደወለ።

«ምን እንርዳዎት?» አለች አንዲት ለስላሳ ድምፅ።

«የሰው ገመና አደባባይ የምታሰጡት በማን ፈቃድ ነው?»

«ሲመዘገቡ በውሉ ተስማምተዋል፣ ጌታዬ።»

«ማን? ሴትዮዋ?»

«‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጭነዋል።»

ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። ተቃጥሏል፤ ንዴቱን ግን የሚያራግፍበት አጣ። መስኮቱ ላይ ያቆመው ኩባንያው አይደለም፣ እሱ ነው።

በማግስቱ ቲቸር መጣች። ርዕሰ መምህሩ በጠዋት ጠርቷት «ለጤናዎ ስንል» ብሎ ክፍሏን ለሌላ መምህር ሰጥቷል። «ዓይንዎ ደክሟል ብለው ምን ቢሰጡኝ ጥሩ ነው?» አለች። «መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይል እንድለይ!»

«ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ኩባንያው ግን በውሉ ተስማምተዋል ይላል።»

«ዛሬ አልችልም፣ ጋሽ አንቴና። በሁለት ዓመት ውስጥ በራሴ አፍ የምናገረው ነገር ነበር። እስኪ መጀመሪያ ተስማምተሻል ያሉኝን ያንብቡልኝ።»

ውሉን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ፈልጎ አገኘው። ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። መነጽሩን አድርጎ፣ ስክሪኑ ላይ ሊለጠፍ ምንም ሳይቀረው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጮክ ብሎ አነበበላት። የሚያዩትን፣ የሚያዩበትን ሰዓት፣ ደጋግመው ያዩትን እንመዘግባለን ይላል። ለማስታወቂያ ድርጅቶችም እናካፍላለን ይላል።

«ዓይኗ ለደከመ ሴትዮ በዚህ ፊደል!» አለች ቲቸር። «ቁልፉ ብቻ ነበር ትልቅ። የታየኝ እሱ ነው፣ እሱን ተጫንኩ።»

ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ቤቷ ድረስ ወሰደላት። ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ እስከዛሬ ያየችውን የሚያጠፋውን ቦታ ፈልጎ ተጫነ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ ስክሪኑ። «አዎ እርግጠኛ ነን!» ብሎ ጮኸበት። ሁሉም ጠፋ። አጥፍቶ ሲያበራው ግን ከላይ አንድ ማስታወቂያ ብቅ አለ።

«ምን ይላል?» አለች ቲቸር ከወንበሯ።

ሠላሳ ዓመት ያየውን ሲደብቅ የኖረ ሰው ነው። ይሄን ግን ከእሷ መደበቅ አልሆነለትም። «ነጭ ዱላ ይግዙ ይላል።»

አንቴና ሶኬቱን ከግድግዳው መንጭቆ ነቀለው። «መንገድ ላይ ነው የምወረውረው! የሚያወጣውን እንዲህ በአደባባይ ያውጣ!»

«ተዉት» አለች። «ክፍል አሥራ ሦስትን ገና አላየሁም። እዚህ ሰፈር በጣት ማንበብ የሚያስተምረኝ ሌላ ማን አለ?»

አንቴና የነቀለውን ሶኬት መልሶ ሰካው፣ ወንበሯንም ወደ ስክሪኑ አስጠጋላት። «እንኳን ደህና መጡ» አላት ቴሌቪዥኑ።