ማዶ የማይወጣ ቀዳዳ

ስለ እጅ ሥራ የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ። አብዛኞቹን የጻፏቸው እጃቸው ላይ አንድ ጠባሳ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። «እጅ አይዋሽም» ይላሉ። ይዋሻል። ሲዋሽ ያየሁት ደግሞ ከማውቃቸው ሁሉ ሐቀኛ የሆነውን ሰው እጅ ነው።

ደቡቡ ከሱዳን ከተገነጠለ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በሱዳን ዋና ከተማ፣ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሱዳናዊ የብረት ሥራ ቤት ሁለት ሐበሾች እንሠራለን። እኔ ቀዳዳ እሰረስራለሁ፤ ለብሎኑ የሚሆነውን ጥርስ ቀዳዳው ውስጥ በእጁ የሚያወጣው፣ እኔ ጋሼ የምለው ሸምገል ያለ ጎጃሜ ነው። ባለቤቱን ሙዓሊም እንለዋለን፤ አሠሪያችንም መምህራችንም እሱ ነበርና።

ሥራው እዚያው ከተማ ሪያድ የሚባል የሀብታም ሰፈር ውስጥ ላለ አንድ ቪላ ከባድ የብረት በር ነበር። ያገኘችልን እዚያው ቤት ተቀጥራ የምትኖር የአገራችን ልጅ ናት፤ ከጋሼ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይተዋወቃሉ። መኪና በገባና በወጣ ቁጥር በሩን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት። ባለቤቶቹ ሌባ ከመንገድ በኩል ብሎን እንዳይፈታ ፈሩ። ስለዚህ ማጠፊያው የሚታሰርበትን ወፍራም ብረት ስበሳው ቀዳዳዎቹ ማዶ እንዳይወጡ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገብተው እንዲቆሙ ታዘዝኩ።

ማዶ የሚወጣ ቀዳዳ አያስቸግርም፤ የተቆረጠው ብረት በታች ይረግፋል። ማዶ የማይወጣው ግን ፍርፋሪውን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያጠራቅማል። ጥርስ ማውጫውን ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያሉ፣ እያወጡ ማጽዳት ነው። ሙዓሊም ለዚህ የበግ ሞራ በጣሳ ያስቀምጣል። ቀዳዳው በሞራ ይሞላል፤ ማውጫው ሲገባ ሞራው ፍርፋሪውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ጋሼ ሞራውን አልነካም አለ።

«ብላ አላልኩህም እኮ» አለው ሙዓሊም በአረብኛ።

«ጥፍሬ ውስጥ ይገባል። በዚሁ እጄ ነው ሽሮዬን የምጎርሰው። ደግሞስ ያረደው ማን ነው?»

ሙዓሊም የአራጁን ሃይማኖት በደንብ ያውቅ ስለነበር ጣሳውን ከደነ።

እኔ አልጾምም። ግን ሁለት ሰው ሲከራከር ሦስተኛ ሐሳብ ካላመጣሁ ያመኛል። የሰሊጥ ዘይት ይሁን አልኩ፤ የጾም ነው፣ በየሱቁም አለ።

«ዘይት ቀጭን ነው፤ ፍርፋሪውን ታች ይተወዋል» አለ ሙዓሊም።

«የሚቀባው ብረቱ እንዳይግል ነው። አንብቤዋለሁ።»

«የላ፣ ያ ፈይለሱፍ! በል እሺ ፈላስፋው፣ እናያለን» ብሎ ሳቀብኝና ለቅሶ ለመድረስ ወደ መደኒ ከተማ ሄደ።

ጋሼ በዘይቱ ጀመረ። ቤቱ የጾም ወጥ ወጥ ሸተተ። ሦስቱንም ማውጫዎች፣ ከሾጣጣው እስከ ደፍጣጣው፣ በየተራ አስገባ፤ ሦስቱም እዚያው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ታች ደርሷል» አለ።

እጁ የነገረውን ነው የተናገረው። ጥልቀቱን የማውቀው ግን የበሳሁት እኔ ነኝ። አንድ ምስማር ከትቶ ለመለካት ደቂቃ አይፈጅም። አልለካሁም። ብሎኖቹን ስናስገባ ደግሞ አናታቸው ሳይቀመጥ ቀረ።

«ብሎኑ ረዝሟል» አልኩ።

ጫፋቸውን በመጋዝ ቆረጥናቸው። አሁን ተቀመጡ፤ ጋሼ በመፍቻው ሲያጠብቃቸው ሲጥ አሉ። በሩን ሰቀልን። ልጅቷ መርቃ ሸኘችን።

ሙዓሊም ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ የተረሱትን ቁራጮች አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የብሎን ጫፍ። ረዝሞ ነበር።»

«ለክቼ የገዛሁት እኔ ነኝ።» አንዱን አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ በሩ ውስጥ መሆን ነበረበት። ታች የሞላው ፍርፋሪ ነው፤ አሥር ዙር መንከስ የነበረበት ብሎን አሁን ስንት ዙር ይዞ ይሆን?»

አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ንጹሕ እጁን በጨርቅ ደግሞ ደጋግሞ ይጠርጋል።

«በሩን የምትከፍተው እሷ ናት» አለ።

ደወልኩላት፤ አታነሳም። ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድላትም። እኔና ጋሼ መፍቻና ሁለት ጣውላ ይዘን ባለሦስት እግር ሪክሻ ውስጥ ገባን። አቧራ ያዘለ ነፋስ ተነስቶ ፀሐይዋ ዝገት መስላለች። ሱቆች መከለያቸውን ያወርዳሉ።

«በሩ ሰፊ ነው» አለ ጋሼ፤ «ነፋስ ይይዛል።»

ደረስን። በሩ ቆሟል። ስናንኳኳ ድምጿ ከውስጥ መጣ።

«መጣሁ፣ መጣሁ!»

«አትክፈቺ!» ጋሼ ጮኸ። «ከበሩ ራቂ! በእግረኛው በኩል አስገቢን!»

ከጎን ያለችውን ትንሽ በር እየሳቀች ከፈተችልን።

«ምን ሆናችሁ? ኧረ እኔ ዘዴውን አውቄዋለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ዘመም ይላል፤ በትከሻዬ ቀና አድርጌው ነው የምከፍተው።»

ወዲያው ደጅ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። እመቤቷ ናት። ልጅቷ ሳታስበው ወደ በሩ ሮጠች፤ ጋሼ ሻርፗን ይዞ ባይጎትታት ትከሻዋን አስደግፋ ነበር። ጥሩምባው ደገመ፣ ሠለሰ። እኔ በእግረኛው በር ብቅ ብዬ፣ በማውቀው አረብኛ ሁሉ፣ በሩ ሊወድቅ እንደሚችልና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። ሞተሩን አጥፍታ መስኮቷን ዘጋች።

በሩን በሁለቱ ጣውላ ደግፈን ጋሼ መፍቻውን ወደ ላይኛው ብሎን አስጠጋ። አላስፈለገም፤ በጣቱ ዞረ። ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።»

ብሎኑ መዳፉ ላይ ወደቀ። የተላጠ ብረት እንደ ፀጉር ተጠምጥሞበታል። ልጅቷ ተቀበለችውና በሁለት ጣቷ ይዛ አገላበጠችው።

«ሦስት ዙር ብዙ ነው?» አለች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«አይደለም» አልኩ።

ብሎኑን መለሰችለት። ከዚያ ቀስ ብላ ትከሻዋን በእጇ ያዘች፣ እዚያው እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስል።