የማይተኛው ዘበኛ

ሽማግሌው በሆስፒታሉ ፒጃማ ላይ አሮጌ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል። አስታማሚ የላቸውም። ሰው በገባ ቁጥር ከአልጋው ብድግ ሊሉ ይቃጣቸዋል፤ ያረጁት አየር ጤና፣ ጋራዥ ሲጠብቁ ነው።

ትናንት ለቀዶ ሕክምናቸው ማደንዘዣ የሰጠቻቸው ራኬብ፣ ለአገር አቀፉ የማደንዘዣ መዝገብ ታካሚ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ተኝተው ሳለ የሰሙት ነገር አለ?»

«ዘበኛ ይተኛል እንዴ፣ ልጄ?» ሳቅ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሩን ከፍቼ ልወጣ ነበር። ‹አባባ፣ እባክዎ አይሂዱብኝ› ስትዪኝ ተመለስኩ። እንዲህ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።»

ራኬብ እስክሪብቶዋን ከቅጹ ላይ አነሳች። ልባቸው ለአፍታ ቀጥ ባለ ጊዜ፣ እውነት ነው፣ ልክ እንዲያ ብላ ለምናቸው ነበር።

የለመነችው ግን በሆዷ ነው።