የሰርካለም ማግኔትና የቄሰ ገበዙ ስም

ሰቆጣ ውስጥ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው ሰርካለም ጋ ይሂድ ይባላል። ሱቋ ሱቅ ለማለት ታስቸግራለች፤ እሷ እንድትቀመጥ ግማሹ ዕቃ ውጭ መውጣት አለበት። ሙያውን ያገኘችው ከአባቷ ነው። አባቷ ያስተማሩትስ ወንድሟን ነበር፤ እሷ ከጎን ሆና ሽቦ ስታቀብል ተማረች። ወንድሟ ረሳው፣ እሷ ያዘችው።

ይኸው ወንድሟ አንድ ዓመት ወርቅ መፈለጊያ ማሽን ገዝቶ ወደ አበርገሌ ቆላ ወረደ። በጋውን ሙሉ ቆፍሮ ያገኘው ምስማርና የጣሳ ክዳን ብቻ ሆነ። ተናዶ ተመለሰና ማሽኑን እሷ ሱቅ ወርውሮት ሄደ። «ውሸታም ነው» አለ። ሰርካለም ግን ውሸታም ማሽን አይታ አታውቅም፤ ውሸታም ሰው ግን በየቀኑ ይመጣባታል። ፈታታ አየችው። ደህና ነው። ችግሩ መሬቱ ነው፤ በዝገት ተሞልቷል፣ ማሽኑም ለምስማሩም ለወርቁም እኩል ይጮሃል።

ስለዚህ ከሞቱ ድምፅ ማጉያዎች ውስጥ ስምንት ክብ ማግኔት አወጣች። ጣውላ ሥር ደርድራ አሰረቻቸውና በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነቻቸው። ጣውላው በገመድ ሲጎተት ምስማሩ ሁሉ ከረጢቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከረጢቱን ሲገፉት ደግሞ ራሱ ይረግፋል። ከተበላሸ ኮምፒውተር ያወጣቻት አንዲት ትንሽ ማግኔትም ነበረቻት፤ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ብረት የምታወጣባት። ያቺ ጣት ስትቆነጥጥ ደም ታቋጥራለች። ከዚያ ወዲህ የጠፋ ጉትቻም ቁልፍም የሚፈለገው እሷ ጋ ሆነ።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከአምደወርቅ በኩል መጥተው በሯ ላይ ቆሙ። የአንድ የገጠር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ፣ የንዋየ ቅድሳቱ ጠባቂ፣ የነበሩት የቄስ ኪዳኑ ሚስት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ቄስ ኪዳኑ የደብሩን የብር መስቀል፣ ያንን በበዓል ቀን ከፊት የሚወጣውን ትልቁን የመጾር መስቀል፣ እንዳይዘረፍ ለብቻቸው ቀበሩት። ሰላም ሳይወርድ ታመው ሞቱ። ቦታውን የነገሩት ለሚስታቸው ብቻ ነበር። ሰላም ሲወርድ ሚስትየው በተናገሩት መሠረት ሰው ቆፈረ፤ መስቀሉ አልተገኘም። የሰበካው ሊቀ መንበር ምስጋናውም ጉባኤ መካከል «ያልተቀበረ አይገኝም» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴን ሰላም እያለ ዓይኑን ቤታቸው ላይ ያንከራትታል፤ በመስቀሉ ዋጋ የተገዛ አዲስ ቆርቆሮ ይፈልግ ይመስል።

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «መስቀሉ ቢቀር እግዚአብሔር ያውቃል። ባሌ ሌባ ተብሎ መሬት ውስጥ አይተኛብኝ።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ሰርካለም ሱቋን ዘጋች።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የደብሩ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ፣ ምስጋናውና ዶማ የያዙ ሰዎች ጠበቋት። የቅጥሩ በር በሰሜን በኩል ነው። ከበሩ ሲገባ በቀኝ አንድ ትልቅ ወይራ አለ፤ ሥሩ ተቆፋፍሮ አይጥ የፈነጨበት መስሏል። ማሽኑን ስትከፍተው ጩኸቱ ጆሮ በጠሰ። ጣራው ሲቀየር የረገፈው የድሮ ምስማር እዚያው ቀርቷል። ማግኔቷን ስታወጣ ምስጋናው ተቆጣ።

«ቆይ፣ ይኼ ነገር መስቀሉን ቢስበውስ? ንዋየ ቅድሳት እንደ ግንድ ሊጎተት ነው?»

«ብርን ማግኔት አይስበውም፣ አቶ ምስጋናው» አለችው። «ብርስ የሚስበው ሰውን ነው።»

ባለ ዶማዎቹ ሳቁ። መሪጌታም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቁ።

ጎተተች። ከረጢቱን አራገፈች፣ ደግማ ጎተተች። በሦስተኛው ዙር አንድ ጣሳ በምስማር ሞላ። በአምስተኛው አንዲት ቆርኪ ብቻ ወጣች። ከዚያ ማሽኑን አንስታ ከወይራው ሥር እስከ አጥሩ ስንዝር በስንዝር ሄደች። ማሽኑ ጭጭ አለ።

«አላልኩም?» አለ ምስጋናው።

አመተ ሥላሴ እንደቆሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሰርካለም ግን አልደነገጠችም። እንዲያውም ደስ ብሏታል፣ ፊቷም ያስታውቃል።

«ምስማሩ እያለ ማሽኑ ቢጮህም ዝም ቢልም አላምነውም ነበር» አለች። «አሁን መሬቱ ጠርቷል። እዚህ የለም ካለ የለም ነው። የተሳሳተው ቦታው ነው እንጂ ቄሱ አይደሉም። እናቴ፣ የነገሩዎትን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሩኝ።»

«‹በቀኝ፣ በትልቁ ወይራ ሥር ነው› ነው ያለኝ።»

«‹ከበሩ› ብለዋል?»

አሮጊቷ አሰቡ። «ኧረ በርስ አልጠራም።»

«ታዲያ በሩን ያመጣው ማነው?»

ሰዎቹ ተያዩ። ማንም አላመጣውም፤ ሁሉም በዚያ በር ስለሚገባ ‹ቀኝ› ሲባል የገዛ ቀኝ እጁን አይቶ ነበር። ሰርካለም ወደ መሪጌታ ዞረች።

«የኔታ፣ ለካህን ቀኝ የት ነው?»

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«አዬ ጉድ! ካህን እንደሆነ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ነው። ቀኙ ደቡብ ነው፤ ሴቶች የሚቆሙበት! ዕድሜዬን ሙሉ እያስተማርሁ እኔም እንደ ምእመኑ ከበሩ ቆጠርሁ!»

በደቡብ በኩልም ወይራ አለ። እዚያም ምስማር ነበር፤ ሰርካለም ሳትቸኩል አራት ጊዜ ጎተተች። የሚቸኩሉት ሌሎቹ ነበሩ። ማሽኑን ስታሳልፈው ጥርት ያለ፣ የማይቆራረጥ ድምፅ አወጣ። «እዚህ» አለች። ክንድ ያህል ሲቆፈር የፍየል ቆዳ ታየ። መሪጌታ ሰዉን ከልክለው ራሳቸው ተንበረከኩና በእጃቸው ጫሩ። ቆዳው ሲገለጥ መስቀሉ ጠቁሯል እንጂ አንድ ጌጡ እንኳ አልጎደለም።

እልልታው እስከ ማዶ ተሰማ። አመተ ሥላሴ ግን እልል አላሉም። በአገሩ የአገው ቋንቋ በኽምጥኛ አንድ ነገር ለሟች ባላቸው ተናገሩ፣ መስቀሉን ተሳለሙ፣ እዚያው ሴቶች በሚቆሙበት ቦታ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ለካ ሠላሳ ዓመት የጸለዩት ከዚያ ወይራ አጠገብ ነው። ሰርካለምም ገመድ የምትጠቀልል መስላ አለቀሰች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ምስጋናው ይህን ያወቀው ያን ቀን ነው። ቆቡን አውልቆ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል አሮጊቷ ክንዱን ያዙት።

«ለቄስ ኪዳኑ ተዝካር ሁለት ጋን ጠላ ጠምቄ ነበር» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሰው አልመጣም። ኮምጥጦ ደፋሁት። አሁን እንደገና እጠምቃለሁ፤ ሁላችሁም ትመጣላችሁ።» ቀጥሎ ወደ ምስጋናው ዞሩ። «አንተ ግን እንግዳ አይደለህም። ነገ መጥተህ ውሃ ትቀዳለህ።»

በዚያ አገር ውሃ የሚቀዳ ሊቀ መንበር ታይቶ አይታወቅም። ምስጋናው በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ አራት ጄሪካን በአህያ ጭኖ የቄስ ኪዳኑ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር።