ጤፉ እስኪገባ

ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ ጊንጪ አብሮን ይኖር የነበረው አጎቴ ጎኑን ያመው ነበር። ታላቅ እህቱ የሆነችው እናቴ «ኧረ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ወንድሜ!» ባለችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ጤፉ ይግባና እሄዳለሁ።» ጤፉ ሲገባ ደግሞ «ዋጋው ትንሽ ይጨምር» ይላል፤ ሲጨምር «መጀመሪያ ማዳበሪያው ይገዛ።» ከዚያ ክረምቱ ይገባል፣ ጤፉ እንደገና ይዘራል። በሽታው ግን ተራ አልጠበቀም።

ጤፉን የሚገዛው ጎረቤታችን ነጋዴ ሳል እንኳ ሲይዘው በመኪናው አዲስ አበባ ሄዶ፣ ተመርምሮ ይመለሳል። አጎቴ ጎኑን በእጁ እንደያዘ መንገድ ዳር ቆሞ፣ «እንኳን እግዜር ማረህ» ይለዋል።

በመጨረሻ ተሸክመን አምቦ ስናደርሰው ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰና «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለን። 

ዘንድሮ ጤፉን የምወቃው እኔ ነኝ። አጎቴ ነፋስ እየጠበቀ ይቆምበት የነበረው የአውድማው ጥግ ባዶ ነው። ትናንት እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጣችና እዚያው ጥግ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እጇ ጎኗ ላይ ነበር።

«ምነው እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ምንም አይደል ልጄ» አለችኝ፣ ክምሩን እያየች። «ጤፉ ይግባ።»