አርባ ሰባት ጠጠር

ይህን ነገር ጻፊው ብለው የያዙኝ የልጄ ልጆች ናቸው።

ባለፈው ሰሞን ትልቋ ኮምፒውተሯ ፊት ላብ በላብ ሆና ተቀምጣ አገኘኋት። ምን ሆነሻል ብላት፣ "አኮ፣ ዲስኩ ሞልቶብኝ ጌሜን ወደ ሌላ ዲስክ ላዛውረው ነው። ሴቭ ያደረግኩበት ፎልደር ከተበላሸ የሁለት ዓመት ጨዋታዬ ከዜሮ ይጀምራል። እኔ የጨመርኩባቸው ቤቶችና ልብሶችም አብረው ይጠፋሉ" አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ነቀምቴ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።

ታናሿ ሳቀች። "አኮ ይሄ ይገባታል ብለሽ ነው?"

"ከአንቺ ይልቅ ይገባኛል" አልኳት። እኔም አንድ ጊዜ ያልተጨረሰ ጨዋታ ከቦታ ወደ ቦታ አዛውሬያለሁ። ስነግራቸው ወረቀት አምጥተው ሰጡኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ስህተቱን እለፉልኝ።

ጊዜው በደርግ ነው፤ በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተጭነን አንገር ጉቲን ከሰፈርን ሦስተኛው ዓመት። እናቴ መንገድ ላይ ቀርታለች። የቀረነው አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ይማምና እኔ ነበርን። ከአገራችን የመጣ ነገር ቢኖር የእናቴ ነጠላና አርባ ስምንት ጥቁር የገበጣ ጠጠር ነው። ጠጠሮቹን አባቴ በልጅነቱ ከሰፈራችን ወንዝ የለቀማቸው ናቸው። ከእጅ ብዛት ቅባት የጠጡ ይመስላሉ።

ደጃችን ካለው ዋንዛ ሥር አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረው፣ ከእርሻ ሲመለሱ አባቴና ይማም ይጫወታሉ። ያን ጊዜ ብቻ ነው አባቴ ፊቱ የሚፈታው።

"ና እስቲ ልብላህ" ይለዋል።

"በየትኛው ጥርስዎ፣ አባ?" ይላል ይማም።

አንድ የገበያ ቀን ጨዋታው መሐል ላይ እያለ ዝርዝር የያዙ ሁለት ሰዎች መጡ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። ተራው የይማም ነበር። ከበላቸው ጠጠሮች ክምር አጠገብ እጁን መሬት አስደግፎ ተነሳ።

"አባ፣ ተራው የኔ ነው። እንዳይነካብኝ፤ መጥቼ እጨርሰዋለሁ።"

"ማን ይነካዋል" አለ አባቴ።

በእኛ ወገን ልማድ፣ ተጫዋቹ በሕይወት እያለ ገበጣውን ማፍረስ ነውር ነው። ያፈረሰ ሰው፣ ያኛው ሞቷል እንዳለ ይቆጠራል። አባቴ ለጉድጓዶቹ የሣር ዳስ ሠራላቸው። ማለዳ ማለዳ ዙሪያውን ይጠርጋል፤ ከውስጥ ግን አንዲት ጠጠር አይነካም፣ አያስነካም። ከይማም ደብዳቤ አልመጣም። ዓመት አለፈ። አባቴ ከሰው መነጋገሩን ተወ። ካልለመንኩት እህል አይቀምስም። ዳሱ ሥር ተቀምጦ ጠጠሮቹን ማየት ብቻ ሆነ ሥራው።

ከዚያ መንደሩ ይነሳል ተባለ። ቦታው ለመንግሥት እርሻ ስለተፈለገ እኛ ከወንዙ ማዶ እንድንሰፍር ሦስት ቀን ሰጡን። ሰው ሁሉ ጣራውን ሲያፈርስ አባቴ ዳሱ ሥር ተቀመጠ።

"እኔ ከዚህ አልነሳም። ትራክተሩ በላዬ ይሂድ።"

ሽማግሌ ለመነው፤ እንቢ አለ። ሰፈራውን የሚያስተዳድረው ጓድ መጥቶ ተቆጣው፤ ቀና ብሎም አላየው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የትራክተሩ ድምፅ ሲቀርብ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

"አባ፣ እኔ አዛውረዋለሁ። እንዳለ፣ አንድ ጠጠር ሳይሳሳት አዛውረዋለሁ። ካጎደልኩ እርግማንዎ ይድረሰኝ።"

ብዙ አየኝ። "በእናትሽ ነጠላ ቋጥሪው" አለ።

ከነጠላው ጫፍ ጀምሬ የየጉድጓዱን ለየብቻ በተራ ቋጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ቋጠሮ። አባቴ የበላቸውን አሥራ ሦስተኛ፣ ይማም የበላቸውን ከሁሉ በኋላ። ለመቁጠር ጊዜ አልነበረኝም። ዞር ስል ማረሻው ዋንዛው ሥር ገብቶ ጉድጓዶቹን ይገለብጣል። ትልቋ የልጄ ልጅ ስለ ጌሟ "መጀመሪያ እቀዳዋለሁ፤ መከፈቱን አይቼ ነው አሮጌውን የማጠፋው" አለችኝ። እሷ ታድላለች። የእኔ አሮጌ እዚያው ዓይኔ ላይ ታረሰ።

አባቴ መሳፈሩንም እንቢ አለ። "እዚህ ያመጣኝ መኪና ይበቃኛል" ብሎ ከብት ከሚነዱት ጋር በእግሩ ሄደ። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር የትራክተር ተጎታች ላይ ወጣሁ፤ ነጠላውን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ።

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ ተጎታቹ ዘለለ። ያረጀው ነጠላ ተተረተረና የመጨረሻው ቋጠሮ በሳንቃው ስንጥቅ ወደ መንገዱ ረገፈ። የይማም ቋጠሮ።

ጩኸቴን ሲሰማ ነጂው አቆመ። ዘልዬ ወረድኩ። አብሮን ያለው ጓድ "ምንድን ነው የወደቀው?" አለ።

"ጠጠር" አልኩ።

"አንገር ላይ ጠጠር ጠፋ?" አለ፤ ሰው ሳቀ።

"ተዋት ጓድ" አለች ጎረቤታችን እትየ ዘምዘም ከላይ ሆና፣ "እሷ ጠጠር ስትለቅም እኛን ጅብ ይልቀመን።"

በጉልበቴ እየሄድኩ ለቀምኩ። ከዚያ ቋጠሮውን ሁሉ በዓይኔና በጣቴ እየዳበስኩ፣ ሳልፈታ፣ ቆጠርኩ። አርባ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አርባ ሰባት። ሦስተኛም ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ገበጣ አርባ ስምንት ነው። የጎደለው ከወንድሜ ነው። አባቴን ምን ብዬ ላየው ነው? አቧራውን በጥፍሬ ቧጠጥኩት፤ ጣቴ ደማ። በዚያች ሰዓት ይማም እዚያው አፈር ውስጥ ያለ፣ እኔ ካላወጣሁት የሚሞት መስሎኝ ነበር።

ነጂው የዚያው የወለጋ ሰው፣ የዲጋ ልጅ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከጎኔ ተንበረከከ። "ኦቦሌቲ ኮ" አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው፤ "የማን ናቸው?"

"የወንድሜ። ውትድርና ወስደውታል።"

"የእኔንም ወስደውታል" አለና መፈለግ ጀመረ። ጓዱ ሰዓቱን እያሳየ ሲጮህበት አልሰማም። ጎማውን ዞሮ አየ፤ ተጎታቹ ሥር በሆዱ ገባ። በመጨረሻ ከጎማው ጥርስ ውስጥ አንድ ጠጠር ፈልቅቆ አወጣ። ፊቱ አቧራ ብቻ ነው፤ ዓይኑ ግን ደስ ብሎታል።

"ይቺ ናት አይደል?"

ቀላ ያለች የመንገድ ጠጠር ናት። አይደለችም ልለው አንደበቴ እንቢ አለኝ። "ናት" አልኩት። አርባ ስምንተኛ አድርጌ ከይማም ጋር ቋጠርኳት።

ስንወርድ እትየ ዘምዘምን ለአባቴ እንዳትነግሪብኝ ብዬ ለመንኳት። "እኔ መቼ አፍ አለኝ" አለች። ያቺ ወሬኛ እስክትሞት ለሰው አልተነፈሰችም።

አዲሱ ቦታ ላይ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሬ ሁሉንም በየቦታው መለስኩ። አባቴ በማግስቱ ደረሰ። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ጎንበስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ። የይማም ክምር ጋ ሲደርስ ቀዩዋን ጠጠር አነሳት። በጣቶቹ አገላብጦ ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ ወረወራት።

"ይቺ የእኛ አይደለችም" አለ። ቀጥሎም፣ "እንዳለ ነው ያመጣሽው። ተባረኪ።"

አእምሮው የተነካ መሰለኝ። ወይም አውቆ አዘነልኝ አልኩ። የትኛውም ይሁን ምርቃቱ ከእርግማን በላይ አቃጠለኝ። ከዚያ ወዲያ እንጨት ለቀማ እያልኩ እየተነሳሁ ያንን ዳገት እወጣ ነበር። በዱላ መሬቱን እየጫርኩ ስንት ቀን እንደዋልኩ አላውቅም። በሚቀጥለው ክረምት አባቴ እዚያም በሠራው ዳስ ሥር ጠጠሮቹን እያየ አረፈ። ጠጠሯን ጣልኩ ብዬ አልነገርኩትም። እሱም ምንም አልነገረኝም።

ከዚያ እግሬ አላርፍ ብሎኝ ብዙ ከተማ ዞርኩ፤ መጨረሻ ነቀምቴ ከተምኩ። ጠጠሮቹን እንደገና በየተራቸው ቋጥሬ፣ ነጠላውን ይዤ ነው የዞርኩት። እስከ ዛሬም ጠጠር ያለበት መንገድ ላይ ስሄድ ዓይኔ መሬት ነው። የዚያን የዲጋ ልጅ ስም ሳልጠይቅ መቅረቴ ይቆጨኛል። ወንድሙም ተመልሶለት እንደሆነ እንጃ።

ይማም የመጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ የመንደሩን ሰው ጠይቆ ነቀምቴ ድረስ፣ በአንድ ምርኩዝ። ገና ሳይቀመጥ "ገበጣውስ?" አለኝ። ነጠላውን ዘርግቼ "አለ፤ አንዱን ግን እኔ ጣልኩት" አልኩና አለቀስኩ። የካፖርቱን ጫፍ ስፌት በጥርሱ ተረተረና ጥቁር ጠጠር መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

"አንቺ አልጣልሽም። የዚያን ቀን ስነሳ እኔ ነኝ የወሰድኳት፤ ያለ እኔ እንዳያልቅ ብዬ።"

"አባ ሳያውቅ ሞተ" አልኩት።

"ያውቃል" አለኝ። "ሳነሳት ዓይን ለዓይን ተያይተናል።"