የደብተራዬ እሳት

ሰናይት የበደለችኝ ከፒያሳ በወጣሁበት ማታ ነው። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሞ፣ ታክሲው ውጭ እየጠበቀኝ፣ ደብተራዬን ለምራቷ ለማርታ ሰጠችብኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰናይት ቤት ዳይስ እየወረወርን ተረት እንጫወት ነበር። አጫዋቿ እሷ ናት፤ እኛ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን ታሪኩ ውስጥ እንገባለን። እኔ ደብተራ ነበርኩ። ስጀምር የእሳት ድግምቴ በአንድ ዳይስ የሚለካ፣ ድመት እንኳ የማያስደነግጥ ነበር። ደረጃዬ ባደገ ቁጥር ዳይስ እየተጨመረልኝ ስምንት ደረስኩ። እሳቱም አብሮ ሰፋና ወዳጅንም የሚለበልብ ሆነ። ያኔ ሰናይት ራሷ ሕግ አወጣች፦ ጓደኞችሽ እንዲተርፉ በክርስትና ስማቸው ትጠሪያቸዋለሽ፤ የክርስትና ስም ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚነገረው። ሁሉም ተራ በተራ በጆሮዬ ነገሩኝ።

«አልሞትኩም እኮ! የሟች ልብስ ነው እንዴ የምታድዪው?» አልኳት።

«እቴ፣ የሄደ ሄደ ነው» አለችኝ። ማርታ ቀና ብላም አላየችኝ።

ልጄ ያስመጣችኝ ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ነው። እዚህ ማኪያቶ ብትሉ የሚመጣላችሁ አንድ ጉንጭ ነው፤ የኛን ብርጭቆ ሙሉ እርሱት። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሰውዬ ሙያዬን ጠየቀኝ።

«ጡረታ እስክወጣ የሒሳብ ሹም ነበርኩ።»

«እዚህ አይቆጠርም።»

«እንግዲያው ጣቶቼን ቁጠር» አልኩት። ልጄ ሳትተረጉምልኝ ቀረች።

ከምንኖርበት ፎቅ ምድር ቤት ያንኑ ጨዋታ የሚጫወቱ አገኘሁ። ስምንት ዳይስ እንዳለኝ ነገርኳቸው። ጺማሙ አጫዋች ሳቀ። «ሲኞራ፣ እዚህ አዲስ ሰው ከአንድ ነው የሚጀምረው።»

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ደወለች። ማርታ እሳቱን ለቃ ጓደኞቿን ሁሉ ለብልባቸዋለች፤ ለጥቂት ነው የተረፉት።

«ቅዳሜ ዘንዶው ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ያልቁብኛል። ስሞቹን ንገሪያት በናትሽ።»

«ራሳቸው አይነግሯትም?»

«ሕጉን ታውቂያለሽ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የራሴው።»

«ደብተራው አሁን የማን ነው፣ ሰናይት?»

«የማርታ ነዋ።»

«እንግዲያው ማርታ ታውቃቸዋለች።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከስሞቹ አንድም አልረሳሁም። ቅዳሜ፣ እነሱ በሚቀመጡበት ሰዓት፣ ምድር ቤት ወርጄ አንዷን ዳይሴን ወረወርኩ። ሁለት ወጣ።